ወንድሜ ራሱን በመርፌ ይወጋል፣ ክንዱ አብጦ ትኩሳቱም አልለቅ አለው፣ ሀዋሳ የት ልውሰደው?

እህት ከሀዋሳ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ስሜን ደብቄ ነው የምጽፈው፣ ቤታችን ውስጥ ከእኔ በቀር ይሄን ነገር የሚያቅ የለም፣ እናታችን ደም ግፊት ስላለባት ብትሰማ ምን እንደምትሆን ፈርቼ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሞተር አደጋ ደርሶበት እግሩ ተሰብሮ ነበር። ለህመሙ መጀመሪያ ትራማዶል ኪኒን ነበር የሚወስደው፣ እግሩ ዳነ ኪኒኑን ግን አልተወም፣ ከዛ ኪኒኑም አልበቃው አለና መርፌ ጀመረ። ፔቲዲን የሚባለውን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ሲያገኝ እሱን ይወጋል፣ ሲያጣ ትራማዶሉን፣ እሱም ከጠፋ ኪኒኑን ፈጭቶ በውሃ በጥብጦ ይወጋዋል። ከየት ያመጣዋል ብላችሁ አትጠይቁኝ እኔም አላቅም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራው ላይ የሚወደድ፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ይሄን የምነግራችሁ እዚ ፎረም ላይ ስለ ሱሰኛ ሲወራ የሚጻፈውን ስላነበብኩ ነው።

አሁን የግራ ክንዱ መታጠፊያው ጋ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ መሀሉ ለስለስ ብሎ መግል የቋጠረ ይመስላል። እሱ ሳያንስ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ብሎት ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ትንሽ ትንሽ ያስለዋል፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ጎኔን ወጋኝ ይላል። ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ነው ብለው ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጡት፣ እየዋጠ ነው ግን ትኩሳቱ ቀን ቀለል ይልና ሲመሽ ተመልሶ ይመጣል። መርፌ እንደሚወጋ አልነገራቸውም፣ ሹራቡንም አላወለቀም።

ሆስፒታል እንሂድ ስለው አይሆንም አለ። ፖሊስ ይጠሩብኛል ይላል፣ ደግሞ ጓደኛውን አንድ ቦታ ሰው እየሰማ ሰድበው ቁስሉን ሳያዩለት መልሰውታል። ከሁሉም በላይ ግን የሚፈራው አልጋ ይዞ መተኛቱን ነው፣ እዛ ውስጥ ሲያመኝ ማን ይሰማኛል ነው የሚለው፣ እውነቱን ነው፣ ሳይወጋ ሲውል አይቸዋለሁ፣ ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ተኝቶም ተቀምጦም አያርፍም።

ጓደኛው በምላጭ ከፍተን መግሉን እናፍስሰው ብሏል፣ ልፍቀድ? አሞክሳሲሊን ጨምሬ ብገዛለትስ? ሀዋሳ ውስጥ የት ብወስደው ነው እንደ ሰው የሚያዩት፣ ለሐኪሙስ ምን ብዬ ነው የምናገረው? እባካችሁ የሚያቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ።


ሲስተር ድንገተኛ፦

እህቴ አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሰራው፣ ከሀዋሳ ውጪ ነኝ ግን ከተማውን አቀዋለሁ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ነገ አትበዪ።

ምላጩን ግን በፍጹም እንዳትፈቅጂ። መርፌ የሚወጋ ሰው ክንዱ ላይ ወይ ብሽሽቱ ላይ የሚያብጥ ነገር ሁሉ መግል አይደለም፣ አንዳንዱ መርፌው ደም ቅዳውን በስቶት ደም ከሥር ተጠራቅሞ ያበጠ ነው፣ ከላይ ሲታይ እባጭ ይመስላል፣ ምላጭ ሲነካው ቤት ውስጥ የማይቆም ደም ይፈሳል። እጅሽን ቀስ ብለሽ አሳርፊበት፣ እንደ ልብ ትር ትር የሚል ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ንገሪው። ትር ባይልም ለመክፈት አልትራሳውንድ ቢታይ ጥሩ ነው፣ መግል ከሆነም በማደንዘዣ በደንብ ተከፍቶ ታጥቦ ጋውዝ ገብቶበት በየቀኑ ድሬሲንግ ይፈልጋል፣ በላዩ ላይ የቴታነስ መርፌ ያስፈልገዋል። ቤት ስትጠብቁ መጭመቅ የለም፣ በዛ ክንድ መወጋትም የለም።

መንገድ ላይም ብትሆኑ ይሄን እዪ፣ ከሚታየው እብጠት በላይ ህመሙ የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ቆዳው ወይ ከጠቆረ ወይ ውሃ ከቋጠረ፣ ሲጫኑት ከሥሩ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ፣ ወይ ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ እሱ ሥጋውን የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ጥገና በሰዓታት ውስጥ ነው የሚፈልገው። መተንፈስ ካቃተው ወይ ከተምታታበትም ወረፋ አትጠብቁ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

አሞክሳሲሊኑን ተይው። ሐኪሙ ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ምን እንደሆነ በብለድ ካልቸር ማወቅ አለበት፣ አንቲባዮቲክ በተደራረበ ቁጥር ካልቸሩ ምንም አላበቀለም ብሎ ይመለሳል። ሲፕሮ እየወሰደ እንደሆነ ግን መናገር አለባችሁ፣ የኪኒኑን ካርቶን ይዘሽው ሂጂ።

የት ላልሽው፣ ክንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዳሬ ሆስፒታልም ይከፍቱለት ነበር፣ ይሄ ትኩሳትና የጎን ውጋት ስላለበት ግን ቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪምና የልብ አልትራሳውንድ የሚገኝበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሪፈር እየተባለ ቀን እንዳይሄድባችሁ። ካርድ ክፍል ላይ ምንም ማስረዳት የለብሽም፣ ትኩሳትና የክንድ እብጠት በይ በቃ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ግን መጋረጃ ይዘጋልን ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪው፣ «በደም ስሩ ፔቲዲንና ትራማዶል ይወጋል፣ መጨረሻ የተወጋው ይሄን ሰዓት ነው»። ይቺ አንድ ነገር ምርመራውን በሙሉ ትቀይረዋለች። የታካሚ ምስጢር መጠበቅ የባለሙያ ግዴታ ነው፣ ማውጣቱ በሕግም ያስጠይቃል፣ እባጭ ሊታከም የመጣን ሰው ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። ሚሳደብ ካጋጠመሽ ተረኛ ሐኪሙን ወይ የሺፍቱን ኃላፊ ጥሪ፣ ተናደሽ ይዘሽው እንዳትወጪ ብቻ።


የታቦር ልጅ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ በበኩሌ ፀበል ውሰጂው ነው የምልሽ፣ የአጎቴ ልጅ ከጫት ከመጠጥ ከሁሉም የተላቀቀው ፀበል ገብቶ ነው፣ ሆስፒታሎች ለሱስ መድሃኒት የላቸውም።


ሲስተር ድንገተኛ፦

@የታቦር ልጅ ወንድሜ ፀበሉን ማንም አይከለክለውም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ይሄ ልጅ አሁን የታመመው ሱሱን ብቻ አይደለም፣ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ እንዲህ ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢገባና ሳምንት ቢቆይ ሊሞትብን ይችላል። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድሃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ፀበሉንም መድሃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ተናግረዋል። መጀመሪያ ሆስፒታል ይግባ፣ ፀበሉ ከዛ በኋላም አለ።


ዳንኩ ከአዳማ፦

ይሄን ለወንድምሽ አንብቢለት፣ ለሱ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ እኔም እንዳንተ ነኝ፣ አዳማ ነው የምኖረው፣ ስወጋ የነበረው ፔቲዲን ነው። እኔንም መጀመሪያ ታይፎይድ አሉኝ፣ ከዛ የሳምባ ምች፣ ከዛ አክታ ስጥ ቲቢ ይሆናል ተባልኩ፣ ኪሎዬ እያለቀ ሄደ፣ ደረጃ መውጣት ሁሉ አቃተኝ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ዶክተር ክንዴን ግለጥ ብላ ጠባሳዎቹን አየችና ምንም ሳትቆጣ ስንት ጊዜህ ነው አለችኝ፣ ነገርኳት፣ በዛው ቀን ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳሁና የልቤ ቫልቭ ላይ ኢንፌክሽን ተለጥፎ ተገኘ። የልብ በሽታ በመርፌ ይመጣል ብዬ አስቤ አላቅም፣ ከጓደኞቼም አንድ የሚያቅ አልነበረም።

አንተ የምትፈራውን ነገር አቀዋለሁ። እኔ የተኛሁበት ቦታ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም ስለ ምሱ፣ ሳልወጋ ስውል ስለሚይዘኝ ህመም፣ አልጠየቀኝም፣ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ ይመጣል ግን እኔ አልጋው ላይ እየተንቀጠቀጥኩ እያስመለሰኝ አጥንቴ እየተሰበረ ነው የሚመስለኝ፣ ታካሚዎቹ አለቀሰ እያሉ ያዩኛል፣ አስታማሚ እናቴ ምን እንደሆንኩ አልገባትም። እንዲህ ሆኖ ከሆስፒታል ጠፍቶ የሚወጣ ሰው ወደ ሱሱ ናፍቆ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ሰውነቱ መቻል አቅቶት ነው፣ ሲወጣ ደግሞ አንቲባዮቲኩ ይቋረጣል፣ ኢንፌክሽኑ ይመለሳል። ለእኔ የቆየልኝ ያቺው ዶክተር ነገሩን ሰምታ መጥታ ለሆድ ቁርጠቱም ለማስመለሱም መድሃኒት አዘዘችልኝ፣ ሞርፊን በሰዓት በሰዓት እያስለካች በየቀኑ እየቀነሰች ሰጠችኝ፣ እሱ ከተጀመረ በኋላ ነው አልጋዬ ላይ መተኛት የቻልኩት።

ስለዚ ወንድሜ ገና ስትገባ ተናገር፣ ሲያምህ አትጠብቅ። የምትወስደውን መጠን አሳንሰህ እንዳትናገር፣ አፍረህ ግማሹን ከነገርካቸው የሚሰጡህ መድሃኒትም ግማሽ ነው የሚሆነው። ተስፋ ቆርጠህ ልውጣ ካልክም ጠፍተህ አትሂድ፣ ልወጣ ነው ብለህ ለሐኪሙ ንገረው፣ ቢያንስ በአፍ የሚወሰድ መድሃኒትና ቀጠሮ ይሰጡሃል፣ በማግስቱ ከተመለስክም ተመለስ፣ ተመልሶ የሚመጣን ሰው ማባረር አይችሉም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ እሱን ሳልነግርህ አልተኛም። ተኝተህ ከቆየህ በኋላ ሰውነትህ የድሮውን መጠን አይችለውም። አብሮኝ ይወጋ የነበረ ልጅ ለወራት ርቆ ቆይቶ ወጣና ድሮ በለመደው ልክ ተወጋ፣ በሩን ቆልፎ ነበር፣ በሩ ሲሰበር አልፏል። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ የእናቱ ብቸኛ ነበር። ከወጣህ በኋላ እንኳ ብትወድቅ፣ ብቻህን አትሁን፣ በር አትቆልፍ፣ በድሮው ልክ አትንካው።


እህት ከሀዋሳ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። የአዳማውን አነበብኩለት፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ «የልብ ቫልቭ» የምትለዋን ደግመሽ አንብቢልኝ አለ። አሁን ልንሄድ ነው፣ ባጃጅ ጠርቻለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንዳንዴ ከተወጋ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻው ብድግ ብድግ ይላል፣ እሱስ ከምንድነው? ሌላው ለእሱ ያልነገርኩት ነው፣ ትላንት ማታ አንሶላውን ስቀይር ፍራሹ ሥር የነበረ መርፌ ጣቴን ወጋኝ፣ ትንሽ ደምቷል፣ በውሃ ታጠብኩት። ለራሴ አልፈራሁም ልላችሁ አልችልም።


የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

እህቴ መጀመሪያ ስላንቺ። ወንድምሽን ይዘሽ ስትሄጂ አንቺም እዛው ተመዝገቢ፣ መርፌ ወጋኝ በያቸው። የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒት አለ፣ ከተወጋሽ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ በየቀኑ 28 ቀን ይዋጣል። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ። የወንድምሽ ደም አብሮ ይመርመር፣ እሱ ነፃ ከሆነ አንቺም ላትቀጥይ ትችያለሽ፣ ግን ውጤት እየጠበቁ ቀን አይለፍ፣ ጀምሮ ማቆም ይቻላል። ደግሞ እንድትረጋጊ፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው እንኳ በአንድ የመርፌ መወጋት ኤችአይቪ የሚይዘው ከ1000 ሰው ወደ 3 ሰው ነው። በቀላሉ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ሕዝባችን የወፍ በሽታ ከሚለው ውስጥ አንዱ፣ ለሱ ግን ክትባት አለ፣ ሶስት ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይሰጣል፣ የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ጠይቂ። እኛ አገር ሕፃናት መከተብ የጀመሩት እ.ኤ.አ በ2007 ስለሆነ ከዛ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም፣ አንቺም ሳትሆኚ አትቀሪም።

ስለ ወንድምሽ፣ ዛሬ የምታገኙትን ሐኪም አላቀውም፣ ግን እኔ ብሆን የማስበውን ልንገርሽ። በደም ስሩ የሚወጋ ሰው ትኩሳት ይዞ ሲመጣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ነው ብዬ ነው የምነሳው፣ ኢንዶካርዳይተስ ይባላል። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከራሱ ቆዳ ላይ የሚነሳ ስታፍ የሚባለው ነው። መርፌው ይዞት ደም መልስ ውስጥ ይገባል፣ ደም መልስ ደግሞ ደሙን የሚያደርሰው ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ነው፣ እዛ ያለው ቫልቭ ላይ ተለጥፎ ይራባል፣ ከዛ ቁርጥራጩ እየተላቀቀ ቀጥሎ ያለው ሳምባ ውስጥ ይገባል። ሳሉና የጎን ውጋቱ ከዛ ነው የሚመጣው፣ የሳምባ ምች ወይ ቲቢ የሚያስመስለውም እሱ ነው። በቀኝ በኩል ስለሆነ በማዳመጫ ብዙ ጊዜ የልብ ድምፅ ለውጥ አይሰማም፣ ስለዚህ ልቡ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

የታይፎይዱ ነገር ያሳስበኛል፣ እዚህ አገር ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ይመረመራል፣ ዊዳል ደግሞ ድሮ ባለፈ ኢንፌክሽንም በሌላ በሽታም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ወረቀቱ ላይ ታይፎይድ ስላለ ሌላ ነገር የለም ማለት አይደለም። ጨዋ በሆነ ቋንቋ «ዶክተር፣ መድሃኒት ከመጀመሩ በፊት ብለድ ካልቸር ከተለያየ ቦታ ይወሰድለት ይሆን? ኤኮስ ይታይ ይሆን?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። የመጀመሪያ ቀን ኤኮ ምንም ባያሳይ እንኳ ጥርጣሬው ካለ ከቀናት በኋላ ይደገማል። ወባም ቢሆን ይታይለት፣ ሀዋሳ ናችሁና።

ከተገኘበት ሕክምናው በደም ስር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ቀላል ሆኖ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ አንዳንዱ ባጭሩ ያልቃል። ረጅም ነው አውቃለሁ። ከአዳማ የጻፍከው ወንድሜ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፣ ምሱ ካልታከመ ይሄን ሁሉ ሳምንት የሚተኛ ሰው የለም፣ ምሱን ማከም ለሱስ መንበርከክ የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ልክ እንደ አንቲባዮቲኩ የኢንፌክሽኑ ሕክምና አካል ነው እላለሁ። ምልክቱ መጨረሻ ከተወጋ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይጀምራል፣ ሁለተኛና ሶስተኛው ቀን ላይ ይከፋል፣ ወደ ሳምንት ሲጠጋ ይለቃል። እነዛን ቀናት ካለፋችሁ ብዙውን አለፋችሁ። ሜታዶን የሚባለው የሱስ መድሃኒት እጃችን ላይ ቢኖር ሥራችን በጣም ይቀል ነበር፣ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ በ2011 ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ጀምራዋለች፣ ኬንያም በ2014 መጨረሻ ተከትላለች፣ በየቀኑ በአፍ ይወሰዳል፣ መርፌውን ያስቀራል፣ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድሃኒት ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው በ2005 ነው። አሁን እጃችን ላይ ባለው ነገር ግን ሞርፊንና ደጋፊ መድሃኒቶች ተመጥነው ይሰጣሉ፣ የአእምሮ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ፣ ከዳነ በኋላ አዲስ አበባ አማኑኤል የሱስ ሕክምና አለ፣ ሪፈር ሊጽፉለት ይችላሉ።

እጁ የሚንቀጠቀጠው ፔቲዲኑ ይመስለኛል። ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ኖርፔቲዲን የሚባል ነገር ይፈጥራል፣ በተደጋጋሚ የሚወጋ ሰው ላይ ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል ከዛ እንደ የሚጥል በሽታ ይጥላል። ትራማዶልም በብዛት ሲወሰድ ይጥላል፣ ሁለቱን ሲያፈራርቅ የባሰ ነው። ናሎክሰን የሚባለው ማርከሻ የቆመ ትንፋሽ ይመልሳል እንጂ የፔቲዲኑን መውደቅ አያቆምም፣ ስለዚህ ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት ማሽተትም አያስፈልግም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ለእሱም ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ይመርመሩለት። ሲ ቢገኝበት አትደንግጡ፣ ክትባት የለውም ግን በኪኒን ብቻ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ይድናል፣ ከ100 ሰው ከ95 በላይ።


ፋርማሲ ቤት፦

ሐኪሙ ያልነካውን ልጨምር። ያ ተፈጭቶ የሚወጋው ኪኒን በጣም ነው የሚያስፈራኝ። ኪኒን ውስጥ መድሃኒቱ ብቻ አይደለም ያለው፣ ታልክና ስታርች አለበት፣ እነሱ ውሃ ውስጥ አይሟሙም፣ ደም ስር ውስጥ ሲገቡ የሳምባን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናሉ፣ ተሳስቶ ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጣት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ሄሮይን በሎሚ የሚያሟሙም አሉ ይባላል፣ ሎሚው ላይ ያለው ፈንገስ በደም ሄዶ ዓይን ያጠፋል።

ሰዎች መርፌ አትጋሩ ሲባል መርፌውን ብቻ ይመስላቸዋል። ማንኪያውም፣ ጥጡም፣ መበጥበጫ ውሃውም ያስተላልፋል፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደረቅ ነገር ላይ እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከመወጋት በፊት እጅንና ቆዳን በሳሙና መታጠብ፣ መርፌውን በምላስ አለመንካት፣ ይሄ ትንሽ የሚመስል ነገር እባጩንም የልቡንም ነገር ይቀንሰዋል። ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ፣ አዲስ ስሪንጅ ሊገዛ የመጣን ልጅ ክንዱን አይታችሁ አትመልሱት፣ አልሸጥም ስትሉት መወጋቱን አይተውም፣ የሰው መርፌ ነው የሚወስደው። ፔቲዲን ያለ ማዘዣ መሸጥ ሌላ ነው፣ እሱን የሚያደርግ ካለ ልጆቻችንን እየገደለ ነው።

እህቴ ቤት ያሉትን መርፌዎች በእጅሽ አትሰብስቢ፣ ክዳኑን መልሰሽ አትክደኚ። ሃይላንድ ቀጭን ነው ይበሳል፣ የበረኪና ወይ የዘይት ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ በመቆንጠጫ ጨምሪና ክዳኑን አጥብቀሽ ጤና ጣቢያ ስጫቸው፣ ያቃጥሉታል። ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ነገ የሚወጋው ቆሻሻ የሚያነሳው ልጅ ነው።


እህት ከሀዋሳ፦

ገብተናል። አልጋ ተሰጥቶታል፣ ካልቸር ከሁለቱም እጁ ተወስዷል፣ ክንዱ በአልትራሳውንድ ታይቶ መግል ነው ተብሎ ተከፈተ፣ ኤኮ ለነገ ጠዋት ነው። ዶክተሩ ሲነገረው ዝም ብሎ ጻፈና ምሱ መቼ ይጀምርሃል ብሎ ራሱ ጠየቀው፣ ወንድሜ አለቀሰ። እኔም መድሃኒቱን ጀምሬያለሁ፣ ክትባቱንም ወስጃለሁ። አሁን ነርሶቹ እጁ ላይ ካኑላ ስላለ ሌሊት ሰው አብሮት ይደር አሉ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።


ሲስተር ድንገተኛ፦

ተመስገን! ካኑላው በቀጥታ ደም ስር ውስጥ የገባ መንገድ ስለሆነ ከውጪ ሰው መድሃኒት አምጥቶለት በዛ እንዳይወጋበት ፈርተው ነው፣ እንዳትቀየሚያቸው፣ እሱም እንዳይከፋው እንደዚሁ ግልፅ አድርገሽ ንገሪው። አብራችሁ ስታድሩ ትኩሳቱንና የተለካበትን ሰዓት ጻፊ፣ ካኑላው ያለበት ቦታ ከቀላ ወይ ካመመው እንዲቀየር ጠይቂ። ከባድ እንቅልፍ ወስዶት ትንፋሹ ከዘገየ ወይ ከንፈሩ ከጠቆረ ትከሻውን ነቅንቀሽ ጥሪው፣ ካልመለሰልሽ ሮጠሽ ነርስ ጥሪ። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ አንቺ ከአልጋው አትራቂ። የካልቸሩ ውጤት የተወሰኑ ቀናት ይፈጃል፣ ሲወጣ እዚሁ ጻፊልን፣ ዶክተሩም እኔም እናያለን።